የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኦልድ ሳውዝ ግቡ

ባለፈው እትም "በእረፍት ቀን ልጆቻችሁን የት ትወስዳላችሁ?" ብለን ጠይቀናችሁ ነበር። ቦስተንና ዙሪያዋ ያላችሁ ብዙ ጻፋችሁልን። የሚገርመው፣ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ አንድ ቤት ነው። ዋሽንግተን ጎዳናና ሚልክ ጎዳና የሚገናኙበት ጥግ ላይ ስላለው የጡብ ሕንጻ፣ ስለ ኦልድ ሳውዝ ሚቲንግ ሃውስ። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ ሙሉውን ለእሱ ሰጠሁት። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሚሰሙት እሱን ነውና።

ጥያቄ፦ የ7 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ስለ ቦስተን ቲ ፓርቲ እየተማረ ነው። እኔና ባለቤቴ ያደግነው አገር ቤት ስለሆነ ታሪኩን አናውቀውም፤ ሲጠይቀን እናፍራለን። ወደዚያ ቤት ልውሰዳቸው ብዬ ነበር፤ ግን ትንሿ ሙዚየም ከገባች 10 ደቂቃ ሳይሞላ "እንሂድ" ማለት ትጀምራለች። ለልጆች የሚሆን ነገር አለው? ወይስ ዝም ብሎ አሮጌ አዳራሽ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ማፈሩን ተይው። እኔም ይህን ታሪክ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ፣ ልጅ ይዤ እዚያ ቤት ገብቼ ነው።

አሮጌ አዳራሽ ነው፣ አዎ። በ1729 ነው የተሠራው። ግን አዳራሽነቱ ነው ጥሩ ያደረገው። ብዙ ሙዚየም ውስጥ ልጁ የሚያየው ዕቃ በመስታወት ተዘግቶበት ነው፤ "አትንካ፣ አትጩህ" ይባላል። እዚህ ግን ዋናው የሚታየው ነገር ክፍሉ ራሱ ነው፤ ልጁ መሃሉ ገብቶ ይቀመጥበታል። ሰዎች የተሰበሰቡበትና የተጨቃጨቁበት ክፍል ነው፤ ስለዚህ ልጅ እንዲናገርበት ይፈለጋል።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገርሽ፤ ባቡር ውስጥ ሆናችሁ ንገሪያቸው። ኖቬምበር 28፣ 1773 ዳርትማውዝ የምትባል መርከብ ሻይ ጭና ቦስተን ደረሰች። ኤሌኖርና ቢቨር የሚባሉ ሌሎች ሁለት ተከተሏት። ሻዩ የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነው፤ በእያንዳንዱ ፓውንድ ክብደት ላይ 3 ፔንስ ቀረጥ አለበት። ቦስተን ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ናት፤ ሰዎቿ ግን ቀረጡን ባወጣው የለንደን ምክር ቤት ውስጥ አንድም ወኪል የላቸውም። "ሳንወከል አንከፍልም" አሉ። ሕጉ በበኩሉ ቀረጡ በ20 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ጉምሩክ ጭነቱን መውረስ ይችላል ይላል። ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዲሴምበር 16፣ ወደ 5,000 ሰው በዚህ ቤት ውስጥና ዙሪያ ተሰበሰበ። ከከተማዋ ነዋሪ ሲሶው ማለት ነው። የተለመደው መሰብሰቢያቸው ፋኒዩል ሆል ጠቧቸው ነው እዚህ የመጡት።

የዳርትማውዝ ባለቤት ፍራንሲስ ሮች የሚባል ወጣት ነጋዴ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ሚልተን ወደሚኖረው ገዥ፣ ወደ ሃቺንሰን ሄዶ፣ መርከቧ ከነሻይዋ እንድትመለስ ፈቃድ እንዲጠይቅ ላኩት። ሰው ሁሉ ጠበቀ። መሸ፣ ሻማ ተለኮሰ። ሮች እምቢ ተብሎ ተመለሰ። ያኔ ከተቃዋሚዎቹ መሪዎች አንዱ ሳሙኤል አዳምስ ተነሥቶ ይህ ስብሰባ አገሪቱን ለማዳን ከዚህ በላይ ማድረግ የሚችለው ነገር የለም አለ ይባላል። ከዚያ ወደ ወደቡ ወረዱና 342 ሳጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ደፉት። ከ92,000 ፓውንድ ክብደት በላይ ሻይ። ቦስተን ቲ ፓርቲ የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ይህ ቤት በዲሴምበር የሻዩን ስብሰባ በትወና እንደገና የሚያሳይበት ልማድ አለው፤ ተመልካቹም ከመቀመጫው ተነሥቶ ይናገራል፣ ይጮሃል፣ ይቃወማል። ለትምህርት ቤት ቡድኖች የተዘጋጀውም ተመሳሳይ ነው፦ ልጆቹ የዚያን ዘመን ሰው ሚና ይይዛሉ፤ ገሚሱ አርበኛ፣ ገሚሱ የንጉሡ ወገን ሆኖ ይከራከራል። ለትልቁ ልጅሽ ከዚህ የሚሻል ነገር አላውቅም። ምን መቼ እንዳለ ግን ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ድረ ገጻቸውን እይ። ከ2020 ጀምሮ ቤቱን የሚያስተዳድረው ሪቮሉሽነሪ ስፔስስ የሚባል ድርጅት ነው። እዚያው ቅርብ ያለውን ኦልድ ስቴት ሃውስንም የያዘው እሱ ነው። ስትደርሱ ደግሞ በር ላይ "ለልጆች ምን አላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ያልፋል።

ፕሮግራም በሌለበት ቀን ከሄዳችሁ አትዘኑ። ትልቁን ፊት ለፊት አቁሚውና ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ ይሰማሽ እንደሆነ ንገሪው። ማይክሮፎን በሌለበት ዘመን በሺህ የሚቆጠር ሰው ፊት መናገር ምን እንደሚመስል በአንድ ደቂቃ ይገባዋል።

ለትንሿ የፈረሶቹን ታሪክ ንገሪያት። በ1775 የእንግሊዝ ወታደሮች ይህን ቤት ያዙና መቀመጫዎቹን ነቅለው፣ ወለሉ ላይ አፈር ደፍተው የፈረስ መጋለቢያ አደረጉት። የአመፀኞቹ መሰብሰቢያ ነበርና ሆን ብለው ነው። አሁን የምታያቸው እንደ ትንሽ ክፍል የታጠሩ፣ በር ያላቸው መቀመጫዎች የድሮዎቹን መስለው እንደገና የተሠሩ ናቸው። "ፈረሶቹ በየት ገቡ? የት ይዞሩ ነበር?" ብለሽ ጠይቂያት። እኔ የወሰድኳት ልጅ በዚህ ጥያቄ ብቻ ግማሽ ሰዓት አዳራሹን ዞራለች።

ጥያቄ፦ እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጥታለች። አብራን ትሂድ ብለን ነበር፤ እሷ ግን "የሌላ እምነት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አልገባም" ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ አዳራሽ? ጫማስ ይወልቃል?

መልስ፦ ጫማ አይወልቅም። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ እዚያ ያመልክ የነበረው ጉባኤ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ወደ ኮፕሊ አደባባይ ሄዷል፣ እዚያ ሌላ ሕንጻ አለው። እናትዎ በጉዳዩ ቢያስቡበት ተገቢ ነው፤ ማንም በዚህ ሊስቅባቸው አይገባም። ግን ይህን ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

ቤቱን የሠሩት ፒዩሪታኖች የሚባሉ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ለእነሱ ቤተ ክርስቲያን ማለት ሕዝቡ ነው፤ ሕንጻው ሕዝቡ የሚገናኝበት ቤት ብቻ ነው። ለዚህ ነው "ሚቲንግ ሃውስ" ያሉት፤ የመሰብሰቢያ ቤት። በውስጡ ሥዕል የለም፣ ጌጥ የለም፤ ትላልቅ መስኮቶች፣ ነጭ ግድግዳ፣ ሰባኪው የሚቆምበት ከፍ ያለ ቦታ። እሑድ ስብከት ይሰማበታል፤ በሌላ ቀን የከተማው ሰው ስለ ከተማው ጉዳይ ይነጋገርበታል። ሁለቱ አይጋጩም ነበር።

ይህን ሳያውቁ የሻዩን ታሪክ መረዳት ይከብዳል። "እንዴት የጸሎት ቤት ውስጥ ስለ ቀረጥ ይጮሃሉ?" ያሰኛል። ለእነሱ ግን እንግዳ ነገር አልነበረም። በ1770 ወታደሮች በኦልድ ስቴት ሃውስ ፊት ተኩሰው 5 ሰው ሲገድሉ፣ ክሪስፐስ አታክስ የሚባል የአፍሪካና የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ዝርያ ያለበት ሰው ከሟቾቹ አንዱ ነው፣ በማግስቱ ሕዝቡ ተሰብስቦ ወታደሮቹ ከከተማ ይውጡ ብሎ የጠየቀው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው።

እናትዎ ከገቡ ከልጆቹ ጋር አንድ መቀመጫ ውስጥ ያስቀምጧቸውና በሩን ይዝጉት። ቤተሰብ አብሮ የሚቀመጥበት ነበር። ክረምት ሲሆን እግራቸውን የሚያሞቁበት የፍም ሣጥን ይዘው ይመጡ እንደነበር ለልጆቹ ይንገሩ። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን እናትዎ ራሳቸው ይቀጥሉታል።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ "እዚያ ቤት ስለ ነጻነት የጮሁት ባሪያ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ እኔን የሚመለከተኝ ምን አለ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

መልስ፦ ልጅዎ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀችው። አያለዝቡት። ይዘዋት ይሂዱና ስለ ፊሊስ ዊትሊ ያንብቡ።

ፊሊስ ከምዕራብ አፍሪካ ተሰርቃ በ1761 ቦስተን ስትደርስ 7 ወይም 8 ዓመቷ ነበር ተብሎ ይገመታል፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ ገና አልወጡም ነበር። ስሟን ያወጡላት ባመጣት መርከብ ስም ነው። እናቷ ምን ብላ ትጠራት እንደነበር የሚነግረን የለም። ይህን ለልጅዎ ቀስ ብለው ንገሯት። የገዛት የዊትሊ ቤተሰብ ማንበብ አስተማራት፤ በጥቂት ዓመት እንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን ላቲንም አነበበች፤ ግጥም ጻፈች። በ1771 የኦልድ ሳውዝ አባል ሆነች። በዚያ ዘመን ቦስተን ውስጥ ጥቁሮች የሚቀመጡት ከታች ከባለመቀመጫዎቹ ጋር ሳይሆን ከላይ በሰገነት ነበር። ስለዚህ ልጅዎን ፎቁን ቀና ብላ እንድታየው ያድርጉ።

የግጥም መጽሐፏ በ1773 ለንደን ታተመ። ጥቁር ሴት ይህን ጻፈች ቢባል ሰው ስለማያምን፣ 18 የቦስተን ታዋቂ ሰዎች "እሷ ናት የጻፈችው" ብለው የፈረሙበት ምስክርነት መጽሐፉ ላይ ወጣ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ገዥው ሃቺንሰን ነው፣ ሮችን እምቢ ያለው። ሌላው ጆን ሃንኮክ፣ ከሻዩ ተቃዋሚዎች ዋናው። በሻይ ጉዳይ አንድ ወረቀት ላይ የማይስማሙ ሰዎች እዚህ ላይ ጎን ለጎን ፈረሙ።

እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከለንደን የታተሙት የመጽሐፏ ቅጂዎች ቦስተን የመጡት በዳርትማውዝ ነው። በዚያችው መርከብ፤ ሻዩን በያዘችው። እሷ ከሰዎቹ ጋር አብራ የምትጸልይበት ቤት ውስጥ "መርከቧ ምን ትሁን?" ተብሎ ሲጮህ፣ የሕይወቷ ሥራ የመጣው በዚያች መርከብ ነው። በዚያ ሰሞን አሳዳሪዎቿ ነጻ አወጧት። በ1784 ስትሞት ገና 31 ዓመቷ ገደማ ነበር፤ ደህና ኑሮም አልገጠማት።

ለልጅዎ ሥራ ይስጧት። ከጉብኝቱ በኋላ የዚያን ምሽት ስብሰባ ከሰገነቱ ላይ ሆና በምትሰማ ሴት ዓይን አንድ ገጽ ትጻፍ። በፈለገችው ቋንቋ። ትክክል ነው ስህተት ነው አይበሏት፤ ታንብብላችሁ። እግረ መንገዳችሁን ሚልክ ጎዳናን ተሻግራችሁ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1706 የተወለደበትን ቦታም አሳዩዋት፤ ክርስትና የተነሣው በዚህ ጉባኤ ነው፣ ያኔ በነበረው የእንጨት ቤት ውስጥ። በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ የአንድ አሜሪካዊ ሕይወት እንዴት እንደጀመረና የሌላዋ እንዴት እንደጀመረ ጎን ለጎን ታያለች።

ጥያቄ፦ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ልጆቹን እዚያ ልንወስዳቸው አስበናል፤ ግን የአማርኛ ትምህርት ሰዓታችንን በእንግሊዝኛ ጉብኝት ማባከን ይሆን ብለን ፈራን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክርክሩን አስቀድማችሁ በአማርኛ አድርጉት። ከዚያ ውሰዷቸው።

ልጆቻችን አማርኛ የሚሰሙት ወጥ ቤትና ሳሎን ውስጥ ነው። "ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አድርግ።" ቀረጥ፣ ወኪል፣ ንብረት፣ ፈቃድ፣ ሕግ፣ አልስማማም፣ ይህን በሁለት ምክንያት እቃወማለሁ፤ ይህን የት ይስሙት? የሻዩ ክርክር ለዚህ ሲባል የተሠራ ይመስላል።

አራት ወገን አድርጋችሁ ከፋፍሏቸው። የመጀመሪያዎቹ አርበኞቹ ናቸው፤ ያልወከለን ምክር ቤት ኪሳችን ውስጥ አይገባም የሚሉት። ሁለተኞቹ የንጉሡ ወገን፤ ሕግ ሕግ ነው፣ የሰው ንብረት ማጥፋት ደግሞ ወንጀል ነው ይላሉ፤ በዚያ ላይ አዲሱ የሻይ ሕግ ሻዩን ያረክሰዋል እንጂ አያስወድደውም፣ ይህ እውነት ነው፣ ልጆቹ ሲሰሙት ይደነግጣሉ። ሦስተኞቹ ነጋዴዎች፤ ገሚሶቹ ከሆላንዶች በኮንትሮባንድ የመጣ ሻይ ይሸጣሉ፣ ርካሹ ሕጋዊ ሻይ ከገባ ገበያቸው ይሞታል፣ ግን ይህን ጮክ ብለው አይናገሩትም። አራተኛው ፍራንሲስ ሮች ብቻውን ነው። እሱን ለጎበዝ ተናጋሪ አትስጡት፤ ለዝምተኛ ልጅ ስጡት። መርከቡን ሊያጣ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከወጣ ከወደቡ ምሽግ ሊተኮስበት ይችላል፤ ከቆየ ጭነቱ ይወረሳል ወይም ሕዝቡ ያጠፋዋል። ሁሉም ይጮህበታል። ዝምተኛው ልጅ ቆሞ "እኔስ ምን ላድርግ?" ሲል ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ መጨረሻውን ቀድማችሁ አትንገሯቸው። "ጎበዞቹ እነማን ናቸው?" ሲሏችሁም አትመልሱ። ልጁ የማያምንበትን ወገን ይዞ እንዲከራከር አድርጉ፤ በሁለተኛው ዙር ቦታ ይቀያየሩ። ድምፅ ካሰጣችሁ በኋላ ብቻ የሆነውን ንገሯቸው፤ ያንንም ሳታሳምሩ፣ የለንደኑ ምክር ቤት ለሻዩ ካሳ እስኪከፈል ብሎ በ1774 ወደቡን ዘግቶ ከተማዋን ሥራ እንዳስፈታ ጭምር።

ልጆች እዚያ ቤት ውስጥ ታሪክ ሲማሩ ይህ የመጀመሪያው ትውልድ አይደለም። ከ1872ቱ ታላቅ የእሳት ቃጠሎ ሕንጻው ለጥቂት ነው የተረፈው። በ1876 ግን እንዲፈርስ በጨረታ ተሸጠ፤ ለጡቡና ለእንጨቱ ሲባል በ1,350 ዶላር። ያዳኑት በአብዛኛው የቦስተን ሴቶች ናቸው። መሬቱ በጣም ውድ ስለነበር 400,000 ዶላር ያስፈልግ ነበር፤ ሜሪ ሄመንዌይ የምትባል ባለጸጋ ብቻዋን 100,000 ሰጠች። እሷ ደግሞ "አዳንነው፣ በሩን እንቆልፈው" አላለችም። በገንዘቧ በ1880ዎቹ ለከተማው ወጣቶች የታሪክ ንግግር ማዘጋጀት ተጀመረ፤ የድሮ ሰነዶች በቀጭን ጽሑፍ እየታተሙ በ5 ሳንቲም ይሸጡላቸው ነበር። ታሪክ ለሊቃውንት ብቻ አይደለም፣ የስደተኛው ልጅም ሰነዱን በእጁ ይዞ ያንብብ የሚል ሐሳብ ነው። እናንተ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትገቡ እንግዳ አይደላችሁም፤ ቤቱ የዳነው ለእንዲህ ያለ ሥራ ነው።

በ1929 ደግሞ የቤቱ ኃላፊዎች የማንም ሐሳብ የቱንም ያህል ቢጠላ አዳራሹ አይከለከልም የሚል አቋም ያዙ። ለትልልቆቹ ተማሪዎች ይህን ብቻውን አንድ ቅዳሜ አከራክሯቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው ያለን፤ ሕፃንም በጋሪ እንይዛለን። ስንት ሰዓት ይበቃል? ሌላስ ምን እንይ?

መልስ፦ ለኦልድ ሳውዝ አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት። ፍሪደም ትሬል የሚባለው፣ መሬት ላይ በቀይ መስመር የተሰመረው መንገድ በበሩ ነው የሚያልፈው፤ 16 ቦታዎች አሉት፣ ርዝመቱ 2.5 ማይል ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ካላዳረስን ብላችሁ ልጆቹን አትግደሏቸው። ቀዩን መስመር ልጆቹ ይምሩ፤ ከኦልድ ሳውዝ ኦልድ ስቴት ሃውስ፣ ከዚያ ፋኒዩል ሆል፣ በቃ። ሦስቱም ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ ታሪካቸውም አንድ ነው፦ ሰው የተሰበሰበበት፣ ሰው የተገደለበት፣ ጠቦ ወደ ትልቁ የተሻገሩበት።

ጋሪውን በተመለከተ ሰገነትና ደረጃ ያለበት አሮጌ ሕንጻ መሆኑን አስቡና ቀድማችሁ ደውሉ። ሕፃኑ ካለቀሰም አትሸማቀቁ፣ ያ አዳራሽ ከዚህ የባሰ ጩኸት ሰምቷል። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ውጭ ቆማችሁ የማማውን ሰዓት እዩት። ቦስተን ውስጥ የተሠራ ነው፤ የሻዩ ስብሰባ ሲካሄድ እዚያው ላይ ነበር። ስንት ሰዓት ይላል ብላችሁ ልጆቹን ጠይቋቸው፤ ከዚያ ምሳ።